በአያቴ ጠመንጃ ላይ የወጣው መነጽር

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ጨው አልነሰነስኩበትም፣ ቅመም አልጨመርኩበትም። ብዋሽ ጢሜ ወደ ውስጥ ይብቀል፤ ፒክአፔ በየዳገቱ ላይ ትቁምብኝ፤ ሚስቴ አርሊንም እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የጎመን ሾርባ ብቻ ታብላኝ። ከዚህ በላይ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ እሱን አትመኑት፣ ውሸታም ነው።

ስሜ መርል ስታውፈር ይባላል። በሰሜን ፔንሲልቬኒያ ተራሮች፣ ከክሪመር ሸለቆ ጀምሮ እስከ ወንዙ ማዶ፣ ስለ ተኩስ ሲወራ የእኔ ስም ሳይነሳ ወሬው አያልቅም። ሌላ ሰው ካላነሳው እኔው አነሳዋለሁ። በጎረምሳነቴ አንዲት በራሪ ቆቅ በጥይቱ ነፋስ ብቻ አደንዝዤ አውርጄ ኪሴ ከትቻታለሁ፤ ቤት ስንደርስ ነቅታ የአርሊንን መጋረጃ ቀደደችው። መጋረጃው ዛሬም የተጣፈ ነው፣ መጥታችሁ እዩ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከእኔ ተኩስ ሳይሆን ከአማቴ ጉልበት ነው። አማቴ ሃርላን ራይትስ፣ የአርሊን አባት፣ የአደን ካምፓችን ባለቤት ናቸው። ከካምፑ በላይ፣ ሁለቱ ኮረብታዎች በሚገናኙበት አንገት ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እኛ ድንጋዩ እንለዋለን። ሌላ ስም የለውም፤ በዓለም ላይ ሌላ ድንጋይ ያለም አይመስለንም። ከየትኛውም ወገን የተነሳ አጋዘን የግድ በዚያ ያልፋል። ከምስጋና በዓል ቀጥሎ ያለው፣ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ሰኞ መጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይቀር ተዘግቶ፣ አገሩ በሙሉ በስህተት እንዳይታኮስ ብርቱካንማ ለብሶ ጫካ ሲገባ፣ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጠው የካምፑ አውራ ነው። ድሮ የሃርላን አባት ነበሩ፣ ከሳቸው በኋላ ሃርላን። የተቀረነው ታች ሆነን እንጨት እየደበደብን፣ እሾህ እየቧጨረን፣ እንደ እብድ እየጮኽን አጋዘኑን ወደ ላይ የምንነዳ ነን።

በዚያ መኸር ታዲያ አማቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ፣ ዘንድሮ ዳገቱን እንደማይወጡት ነገሩን። ድንጋዩን ከሁለቱ አማቾቻቸው ለአንዱ ይሰጣሉ። ለማን እንደሆነ የሚወስኑት ደግሞ ከአደኑ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሁላችንም አሸዋ ማውጫው ጋ ተሰብስበን ጠመንጃችንን ስንሞክር አይተው ነው።

አንደኛው አማች እኔ ነኝ። ያን ድንጋይ ስጠብቅ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ከሸበተም በኋላ ሄዷል። ሁለተኛው ላማር ነው።

ላማር የአርሊንን ታናሽ እህት ዶሪንን ያገባ ሰው ነው። ስለሱ ክፉ አልናገርም። ክፉ ነገር የሌለው መሆኑ ነው የሚያናድደው። የአማቴ በረንዳ ጣሪያ ሲያፈስ ማንም ሳይለምነው መሰላል ተሸክሞ መጥቶ አደሰው። የአማቴን ልደት ያስታውሳል፤ እኔ የራሴን እንኳ የሚያስታውሰኝ አርሊን ናት። ፀጉሩ እንደ ልጅነቱ ነው። የአማቴ አሮጌ ውሻ የእኔን ፒክአፕ ሲሰማ አንድ ዓይኑን ገልጦ ይከድናል፤ የላማር ሲመጣ ግን ሽባነቱን ረስቶ ይጨፍራል። የገዛ ሚስቴ ሳትቀር፣ ላማር የፖም ማርማላታ አመጣልን፣ ላማር እንጨት ፈልጦልን ሄደ፣ ስትል ትውላለች። እኔም ማርማላታውን እየበላሁ እቃጠላለሁ። ምን ላድርግ፣ ይጣፍጣል።

ያን ሰሞን ደግሞ ላማር አዲስ ጠመንጃ ገዝቶ ብቅ አለ። ላዩ ላይ እንደ ጥቁር ሸንኮራ የሚያብለጨልጭ የማነጣጠሪያ መነጽር ተገጥሞለታል። አማቴ ጠመንጃውን ተቀበሉትና በመነጽሩ ማዶ ያለውን ተራራ ማየት ጀመሩ። አዩ። አሁንም አዩ። ቡናቸው ቀዘቀዘ፣ ላዩ ላይ ቅጠል ወደቀበት፣ እሳቸው ከመነጽሩ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

"ላማር፣ ያ ቁራ ሲያዛጋ እያየሁት ነው" አሉና ሳቁ።

አማቴ እኔ ባለሁበት ስቀው የሚያውቁት በሠርጌ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ኬኩ ላይ ስወድቅ ነበር። የእኔን ጠመንጃ አንድ ቀን እንኳ ተቀብለው ገልብጠው አይተው አያውቁም። ቀናህ እንዳትሉኝ፣ ቅናት የሚባል ነገር በእኛ ዘር የለም። ብቻ ያን መነጽር ባየሁ ቁጥር የገዛ ጠመንጃዬን ከጀርባዬ እደብቃለሁ።

የእኔ ጠመንጃ የአያቴ ናት። ሠላሳ-ሠላሳ የምንላት፣ ከቃታው ሥር ያለችውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ እየመለሱ የሚያቀባብሏት አሮጌ ጠመንጃ። እንጨቷ ከአያቴ ጉንጭ ጋር ተለማምዶ ጎድጉዷል። እሷን ይዤ ስንቱን ጉድ ሠርቻለሁ! ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጫፏ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ፍሬ መሟሟት ጀመረች። ድሮ እንደ ምስር ጥርት ብላ ትታይ የነበረችው፣ ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጣ፣ ጠጉር አብቅላ ትታየኝ ጀመር። ብረት በእርጅና እንደሚደበዝዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። የሚገርመው በዚያው ጊዜ የጋዜጣው ፊደልም አብሮ ደበዘዘ፤ ማተሚያ ቤቶቹ ቀለም መቆጠብ ሳይጀምሩ አልቀሩም። አርሊን የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ አለችኝ። የታመመችው ጠመንጃዋ ናት አልኳት።

ለታመመች ጠመንጃ መድኃኒቷ መነጽር ነው። ስለዚህ አንድ ገዛሁ። የላማር የስንዝር ያህል ከሆነ የእኔ የክንድ ያህል ነበር። ባለ ሱቁ፣ ይህ ለጠመንጃ ሳይሆን ለከዋክብት ተመራማሪ ነው የሚሆነው ብሎ ሊያስጥለኝ ሞከረ። በትክክል እሱን ነው የምፈልገው አልኩት።

ጋራዤ ውስጥ ሆኜ ላገጣጥመው ስል ማን ይምጣ? ላማር። ሽታ ይከተላል ይሆን ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ጠረገ፣ ጋራዥ ውስጥ ለመግባት ጫማ ይጠርጋል። ከዚያ ጠመንጃዋን አየና ግንባሩን አሻሸ።

"መርል ወንድሜ፣ እንዳትቆጣኝ። እሷ እኮ ወደ ላይ ነው የምትተፋው። መነጽሩን ቀጥ አድርገህ አናቷ ላይ ካስቀመጥከው ባዶው ቀለሃ ሆዱን መትቶ ተመልሶ ይገባል። እኔ ጋ የጎን መያዣ አለ፣ አባቴ ለእንደዚችው ጠመንጃ ያሠራው። መነጽሩን ትንሽ ወደ ግራ ነው የሚያደርገው እንጂ..."

"ወደ ግራ?" አልኩት። "ያንተ የት ነው ያለው?"

"የእኔ መሀል ላይ ነው፤ የእኔ ግን ወደ ጎን ነው የሚተፋው።"

"እንግዲህ የእኔዋም ትማራለቻ።"

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሥራ ከበዛብህ እኔ ልግጠምልህ፣ አንድ ከሰዓት አይፈጅብኝም አለኝ። አልፈልግም ስለው መያዣውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው አጠገብ ትቶልኝ ሄደ። እንዳላየው የቀለም ቆርቆሮ ጫንኩበት።

ጠመንጃዋ ወደ ላይ እንደምትተፋ የማላውቅ መስሎት! ስንት ዓመት ባዶ ቀለሃዎቿን ከባርኔጣዬ ውስጥ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ላማር መሀል ላይ አድርጎ እኔ በጎን? አማቴ የሱን መነጽር አይተው የእኔን ሲያዩ፣ ኮፍያውን አጣምሞ የደፋ ሰካራም እንዲመስላቸው? እኔ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። መነጽሩን በረጃጅም እግሮች ላይ አቆመዋለሁ፣ ቀለሃው በሥሩ ተሹለክልኮ ይወጣል። ይህን ዘዴ ከእኔ በፊት ማንም አላሰበውም፤ ከእኔም በኋላ።

ጠመንጃዋን በአርሊን የሱፍ ሹራብ ጠቅልዬ ሞርሳው ላይ አሰርኳት። በእኛ አገር አሮጌ ጠመንጃ የሚበሳ ሰው ሰላምታ ይነፈጋል፤ ሽማግሌዎቹ ቀዳዳ ያየች ጠመንጃ መበለት ናት ይላሉ። እኔ ግን የኤሌክትሪክ መብሻውን፣ ትራፓኖውን፣ አስነስቼ የአያቴን ነፍስ ይቅርታ ጠይቄ በሳሁ። አንዴ ሸርተት ብሎ ያላሰብኩት ቦታ ሌላ ቀዳዳ አበጀልኝ፤ ለአየር ማናፈሻ ተውኩት። ብሎኖቹን በካቻቢቴ እስኪያለቅሱ ድረስ አጠበቅኳቸው። ስጨርስ መነጽሩ ከጠመንጃዋ በላይ እንደ ድልድይ ቆሞ፣ በሥሩ ድመት የምታልፍ መሰለኝ።

በእርግጥ አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮች ነበሩ። ጉንጬ ከእንጨቱ ጋር ተለያየ፤ በመነጽሩ ለማየት እንደ ሰጎን አንገቴን መምዘዝ ነበረብኝ። ለሱ የአርሊንን የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ያን ባለ ስፖንጁን፣ እንጨቱ ላይ በፕላስተር ጠመጠምኩና አገጬን አሳረፍኩበት። ከኋላ ያለውን የጠመንጃዋን መቺ ለመሳብ ደግሞ አውራ ጣቴን በመነጽሩ ሥር እንደ አይጥ ማሾለክ ግድ ነበር። ነገር ግን ስመለከትበት ዓለም ተመልሳ መጣች። ማዶ ያለው የጎረቤቴ ጎተራ በር ላይ ያለውን ዝገት ሳይቀር አየሁ። እውነቱን ለመናገር ዝገቱን ደጋግሜ አየሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። አሸዋ ማውጫው ጋ የአገሩ ሰው ተሰብስቧል፤ መርል መነጽር ገጠመ የሚለው ወሬ ደርሷቸው ከሦስት ቀበሌ የመጡ ነበሩ። አማቴ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ላማር ተኮሰ። ጥይቶቹ የማርማላታ ብርጭቆ ክዳን በሚሸፍነው ቦታ ላይ ተጠጋግተው ገቡ። አማቴ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያ ንቅነቃ እኔን የት እንደወጋኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠመንጃዬን ከሽፋኗ ሳወጣት ሰዉ አንገቱን አሰገገ። አንዱ፣ መርል ነጠላ ጫማው የማን ነው፣ አለኝ። የሚስትህ ነው አልኩት፤ ሳቁ በእሱ ላይ ዞረ። ከዚያ አገጬን አሳርፌ፣ አውራ ጣቴን አሾልኬ፣ ተኮስኩ። ጥይቷ የዒላማውን መሀል፣ የመሀሉንም መሀል በሳች። ወረቀቱ እስኪያፍር ድረስ። ለሁለተኛው ቀለበቷን ወደ ታች ገፋሁ። ቀለሃው ወደ ላይ ተስፈነጠረ፣ የመነጽሩን ሆድ መታ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ፣ ተመልሶም ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ወደ ፊት ብል አትሄድም፣ ወደ ኋላ ብል አትመለስም።

ላማር ከኪሱ ሰንጢውን አውጥቶ ጎንበስ አለና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ላውጣልህ አለኝ። ክንዱን ገፋሁት።

"ሁለተኛውስ?" አሉ አማቴ።

"አባባ፣ ሁለተኛ ጥይት የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ለሳተ ሰው ነው።"

አሸዋ ማውጫው በጭብጨባ ተናጋ፤ ከዳር አሸዋ ተንዶ የአንድ ሰው ሞተር ሳይክል ቀበረ። አማቴ ከወንበራቸው በሁለት እግራቸው ተነስተው፣ ጉልበታቸውን ረስተው፣ ድንጋዩ የመርል ነው አሉ። የላማር ፊት እንደ አጓት ነጣ። እኔ ግን ጨዋ ሰው ስለሆንኩ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ እንጂ ወደፊት ሌላ ድንጋይ አይጠፋም አልኩት።

ሰኞ ከጎህ ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን መቀመጫ እንዴት ልንገራችሁ! ከሥሬ ሁለቱም ሸለቆዎች እንደ እጄ መዳፍ ተዘርግተዋል፤ በረዶው ላይ የአይጥ ዱካ ሳይቀር በመነጽሬ አነባለሁ። ታች ላማር እንጨት እየደበደበ፣ እየጮኸ፣ እሾህ ውስጥ እየተንደፋደፈ ይሰማኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ የሚል ዜማ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ አጋዘኑ መጣ። መጀመሪያ የደረሰው የቀንዶቹ ጥላ ነው፤ እሱ ራሱ ቆይቶ ደረሰ። የቀንዶቹን ቅርንጫፍ መቁጠር ጀምሬ ደክሞኝ ተውኩት። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ የወፍ ጎጆ ነበር፣ ጫጩቶቹ ተኝተዋል። ከታች ላማር አየውና ተኮሰ፤ ሳተ፤ አንድ ምስኪን የጥድ ዛፍ ገነጠለ። በካምፓችን ደንብ አጋዘን የሳተ ሰው የሸሚዙ ጀርባ ተቆርጦ ስሙ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። ያን ሸሚዝ በዓይነ ሕሊናዬ እየቆረጥኩ ቃታውን ሳብኩ። የመጀመሪያዋን ሆን ብዬ ጆሮው ሥር ላለች መዥገር ሰጠኋት፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ለእንደዚያ ያለ እንስሳ ክብር ይገባዋል። ቀለሃው እንደ ልማዱ ተሰነቀረ። አጋዘኑ አልሸሸም። ቆሞ አየኝ፤ ችግሬ ገብቶታል። እኔ ቀለሃውን በጥርሴ ነክሼ ስጎትት እሱ በትዕግሥት በረዶ ይልሳል። ወጣልኝ። አጋዘኑም ቀና አለ። ሁለተኛዋ ልቡ ላይ አረፈች፤ የወደቀበት ቦታ ዛሬ የዝናብ ውኃ ይቋጠርበታል።

በአንድ እጄ ቀንዱን፣ በሌላው ጠመንጃዬን ይዤ ካምፕ ድረስ ጎተትኩት። ሰዉ ወጣ። የላማርን ሸሚዝ እኔው በአርሊን የልብስ መቀስ ቆረጥኩት፣ እስከ አንገቱ ድረስ። አማቴ ግን አጋዘኑንም፣ ሸሚዙንም አላዩም። እኔን አዩኝ። ያን ዕለት በላማር መነጽር ማዶ ያለውን ተራራ እንዳዩት አድርገው፣ ረጅም ጊዜ፣ ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ።

ይህን ታሪክ ልክ እዚህ እንደጻፍኩት አድርጌ ባለፈው እሑድ፣ በመንደራችን የእሳት አደጋ ቡድን አዳራሽ፣ ለአዳኞች በተዘጋጀው ምሳ ላይ ተናገርኩት። ሰዉ ማንኪያውን አስቀምጦ ነው የሰማኝ። የአጋዘን ቋሊማው ቀዘቀዘ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ። አንድ ከከተማ የመጣ እንግዳ ብቻ፣ የቀንዶቹ ነገር አልዋጥለት ብሎ፣ ታዲያ ቀንዶቹ የት ተሰቅለዋል ሲል ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሰው በየምሳው አንድ አይጠፋም። ትንሽ ማስረጃ ቢጨመርበት አይጎዳም ብዬ ከጠረጴዛው ማዶ ወደተቀመጡት አማቴ ዞርኩ።

"አባባ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። እስቲ ይንገሩት።"

ላማር ከአጠገባቸው ነበር። ዳቦውን እየቀባ፣ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ይተዉት አባባ፣ አላቸው። አማቴ ሹካቸውን አስቀመጡ። አፋቸውን ጠረጉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እንግዳው ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት።

"ያን ሰኞ ድንጋዩ ላይ ማንም አልተቀመጠም" አሉ። "ቅዳሜ ዕለት ጥይትህ ወረቀቱ አጠገብም አልደረሰ፣ አሸዋውን ነው የመታው። ድንጋዩን ለላማር ሰጠሁት። መኪናዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣና እምቢ አለኝ። መርል ዓይኑ ደክሞበት ነው አባባ፣ እኔን እዚያ ላይ ካየ ካምፑን እርም ይለዋል፣ ድንጋዩ ዘንድሮ ባዶውን ይቆይ አለኝ። ቆየ። አንተ ከእኔ ጋር ምድጃው ጎን ነው የዋልከው፣ ቀለሃዋን በካቻቢቴ ስትጎረጉር። እሱ ታች ለታች ብቻውን ሲዞር ዋለ፣ አንድም ጥይት አልተኮሰም።"

አማቴ ሹካቸውን መልሰው አነሱ።

"አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን በዚያ አልፎ ነበር" አሉ። "ላማር በማግስቱ ወጥቶ ኮቴውን በረዶው ላይ አይቶታል። ድንጋዩን ታኮ ነው ያለፈው አለኝ።"